አህያ የገጣጠመችው ኮምፒውተር

አንድ ጊዜ፣ አራዊት በጭራቸው መኩራት ትተው በኮምፒውተራቸው መኩራት በጀመሩበት ዘመን፣ ጀርባዋ የቆሰለ አንዲት አህያ ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ ድንጋይ ስታመላልስ ስለኖረች ቁስሉ አልድን ብሏት ነበር። በዚያው ሰሞን አያ አንበሶ አዋጅ አስነገረ። አሞራ ከሰማይ ሆኖ ያነሳቸውን የጫካውን ፎቶዎች በሙሉ ከጠዋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ገጣጥሞ አንድ ካርታ ያወጣ፣ ካርታ ሠሪ ሆኖ ይሾማል፤ ከጭነትም ከሌላውም ሥራ ሁሉ ነፃ ይሆናል አለ። አህያዋ ይህን ስትሰማ ጆሮዎቿ ቀጥ አሉ። ካሸነፈች ጀርባዋ ያርፋል፤ ከተሸነፈች ግን ክረምቱ ሳይገባ ወደ ድንጋይዋ ትመለሳለች።

አያ ጅቦም አዋጁን ሰምቷል። እሱ የቸኮለው ስለ ካርታው አይደለም፤ ለካርታ ሠሪው በየሳምንቱ የሚሰፈረው ቀለብ አጥንት አለበት ስለተባለ ነው።

ሁለቱም በአንድ ቀን ቀበሮ ሱቅ ደረሱ። ቀበሮ የኮምፒውተር ዕቃ ትሸጣለች። ያለቀለት ኮምፒውተር ውድ ስለሆነ፣ እንደ አህያዋ አቅሙ ያልፈቀደለት ዕቃውን አንድ በአንድ መርጦ ቤቱ ይገጣጥማል። አህያዋ ያላት አራት ጆንያ ገብስ ብቻ ነበር። ቀበሮ ጆንያዎቹን በዓይኗ መዘነችና፣ ዙሪያውን በመስተዋት የተሠራ፣ ውስጡ ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚበራበት ሳጥን ጎትታ አወጣች። ይህን ያየ ጎረቤት ሁሉ በቅናት እንደሚያብድ ነገረቻት። እውነቱን ለመናገር የአህያዋም ልብ ሸፈተ። የሚያብለጨልጭ ነገር የማይወድ ማን አለ? ሳጥኑ ብቻውን ግን ሦስት ጆንያ ይበላል።

ከሱቁ ጥግ አንዲት አሮጊት ኤሊ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ በካቻቢቴ የተበላሸ ዕቃ ትፈታለች። አህያዋን ጠራቻትና ቁስሏን አየችላት።

«ልጄ፣ ይህን ያቆሰለሽ ጭነቱ ነው ወይስ አጫጫኑ?»

«አጫጫኑ ነው እማማ። ጥቂት ጥቂት እያሉ ቢጨምሩልኝ፣ ከጭነቱም ሥር ነፋስ ቢገባልኝ፣ ከዚህም የበለጠ እችል ነበር።»

«እንግዲያውስ ኮምፒውተር መምረጥ ታውቂያለሽ» አለቻት ኤሊ።

ከዚያም ረጋ ብላ አስረዳቻት። የኮምፒውተሩ ሸክም ያዥ ፕሮሰሰሩ ነው። ከሁሉ የላቀውን መግዛት የግድ አይደለም፤ መካከለኛ ይበቃል፤ ዋናው ነገር ፋብሪካው ፍጥነቱን ያልቆለፈበት መሆኑ ነው። እንዲህ ያለውን፣ ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ፣ ማለትም የሚስማማው ማዘርቦርድ ከተገኘለት፣ ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማስሮጥ ይቻላል። ነገር ግን የበለጠ የሮጠ የበለጠ ይበላል፤ የበለጠም ይሞቃል። ስለዚህ ከመስተዋቱ ላይ የሚተርፈው ገብስ፣ ኃይል የሚመግበውን ደህና ፓወር ሳፕላይና ሙቀት የሚያወጣለትን ትልቅ ማራገቢያ ይግዛበት። ሳጥኑ ያገለገለ ቆርቆሮ ቢሆንም ነፋስ ካስገባ ምንም አይደል።

አያ ጅቦ ይህን ሰምቶ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ኤሊ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ስለ ፍጥነት የምትመክረው?»

ኤሊ አልተቆጣችም፤ ብሎኗን መፍታት ቀጠለች። አህያዋም በአራት ጆንያዋ ልክ እንደተመከረችው ገዛች። ጅቡ በመስተዋቱ ሳጥን ላይ በሱቁ ውስጥ አለ የተባለውን ውድ ፕሮሰሰር ጨምሮ ገዛ። ሲከፍል አቅሙ አለቀና ፓወር ሳፕላዩን ከርካሾቹ መካከል በምርቃት ወሰደ፤ እንደ ላባ የቀለለ ነበር። ቀበሮም ሒሳቧን ተቀበለች። ቀበሮ ያልተጠየቀችውን ተናግራ አታውቅም።

ለሁለቱም ከማራገቢያቸው ጋር አንዳንድ ትንሽ ቱቦ ቅባት ተሰጣቸው። ይህ ቅባት ፕሮሰሰሩና ማራገቢያው በሚገናኙበት መካከል ይቀባል፤ ሙቀቱን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው እሱ ነው። አህያዋ ኤሊ እንዳሳየቻት የገብስ ፍሬ የምታክል ጠብ አደረገች። አያ ጅቦ ግን ቱቦውን ሲጨምቀው ነጭ ነገር ወጣ፤ ቅቤ መሰለው። ቀመሰው። ቅቤ አልነበረም፤ ቢሆንም ጅብ ጀምሮ አይተውምና ቱቦውን እስከ ጫፉ ላሰው። ፕሮሰሰሩም ደረቅ እንደሆነ ተገጠመ።

አህያዋ ኮምፒውተሯን ባስነሳች ቁጥር ፍጥነቱን አንድ እርከን ከፍ ታደርግና ታሠራዋለች። አፍንጫዋን ወደ ሳጥኑ አስጠግታ ሙቀቱን ትለካለች። ደህና ከሆነ አንድ እርከን ትጨምራለች። በሦስተኛው ቀን ትንፋሹ ሲያቃጥላት አንድ እርከን መለሰችና፣ «ይበቃሃል፤ ከዚህ በላይ አልጭንብህም» አለችው። ለእሷ ማንም ያላደረገላትን ለማሽኑ አደረገችለት።

የውድድሩ ቀን ሁሉም ከጫካው ትልቅ ሾላ ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። የአያ ጅቦ ሳጥን እንደ ሠርግ ቤት በራ። የአህያዋን ቆርቆሮ ያዩት ሳቁባት። ጅቡ ፍጥነቱን በአንድ ጊዜ ጣሪያ ላይ ሰቀለውና ሥራው ተጀመረ። እውነትም ፈጠነ፤ ረፋድ ላይ የካርታውን ግማሽ ሲጨርስ አህያዋ ገና ሲሶው ላይ ነበረች። ያ የድንጋይ ጭነት ትዝ አላት። ፍጥነቱን ሁለት እርከን ብትጨምርስ? ሰኮናዋ ወደ ቁልፉ ሄደ። ግን የገዛ ጀርባዋን አስታወሰችና እግሯን መለሰች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብላ ተቀመጠች።

ቀትር ላይ ከመስተዋቱ ሳጥን ጭስ ወጣ። አያ ጅቦ አልደነገጠም፤ እንዲያውም ጥብስ ሸተተውና እየተቁለጨለጨ ጠጋ አለ። ያኔ ፓወር ሳፕላዩ ጧ ብሎ ፈነዳ። መብራቱም ካርታውም አብረው ጠፉ። ጅቡ ጢሙ ተለብልቦ ወደ ገደል ሲሮጥ የሾላው ቅርንጫፍ እንኳ አላስቆመውም።

ቆርቆሮው ሳይቸኩል ሥራውን ቀጠለ። ፀሐይ የተራራውን ጫፍ ልትነካ አንድ ጣት ሲቀራት ካርታው ተጠናቀቀ፤ ወንዙም ሣሩም ጉድጓዱም በየቦታው ተቀምጧል። አያ አንበሶ ካርታውን ከዳር እስከ ዳር ተመለከተውና፣ «ከዛሬ ጀምሮ ካርታ ሠሪዬ ነሽ፤ ጀርባሽም ነፃ ነው» አለ።

አህያዋ ምስጋናዋን አቀረበችና፣ ሹመቱን ከመቀበሏ በፊት ጥቂት እንዲታገሳት ለመነችው። ወደ ቀበሮ ሱቅ ሮጠች። ኤሊ በጠዋት ተነስታ ውድድሩን ለማየት መንገድ ጀምራ ነበር፤ ማታም ገና የሱቁን አጥር አላለፈችም። አህያዋ ተንበረከከችላት።

«እማማ፣ ጀርባዬ ላይ ይውጡ።»

«ቁስልሽስ ልጄ?»

«ከቁስሉ ፈቀቅ ብለው ይቀመጡ። እርስዎ ሳይኖሩ ሹመቱ አይጥመኝም።»

ኤሊ ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ። በስንት ዘመኗ የስንቱን ዕቃ ስትጠግን ኖራ፣ ተመልሶ የመጣላት ይህች አህያ ብቻ ነበረች። አህያዋ እንዳትጥላት እየተጠነቀቀች ተሸክማት ሾላው ሥር ስትደርስ፣ አራዊቱ መንገድ ለቀቁላቸው።

አያ አንበሶ ገርሞት ጠየቀ። «ከጭነት ነፃ ነሽ ብዬሽ አልነበረም?»

«ነፃ ስላሉኝ ነው ጌታዬ» አለች አህያዋ። «በሕይወቴ ወድጄ የተሸከምኩት የመጀመሪያው ጭነት ይህ ነው።»

ከዚህ የምንማረው፣ ለዓይን ከሚያብለጨልጨው ይልቅ አቅማችንን አይቶ የሚመክረንን መስማት እንደሚበጅ፣ ካሰብንበት ስንደርስም መካሪያችንን ከኋላ ትተን መሄድ እንደሌለብን ነው።