ማር የተቀባው ባዶ ቀፎ

ተረት ተረት! ምነው ዝም አላችሁ? “የላም በረት” ልትሉ ነበር አይደል? በረቱ ይቆየን። የዛሬው ተረት የንብ ነውና “የንብ ቀፎ” በሉኝ። እንዲያ ነው! አሁን ጆሯችሁን ስጡኝ፤ የሚያንጎላጅ ካለ ማሩ ያመልጠዋል፣ በኋላ እንዳታማርሩኝ።

በድሮ ጊዜ፣ በአንድ ቆላ አገር፣ ስንሻው የሚባል ድኻ ገበሬ ነበር። ሚስቱ የዝና ትባላለች። ልጆች አሏቸው፤ ከብት የላቸውም። ሀብታቸው በደጃቸው ዋንዛ ላይ የተሰቀሉ ሁለት ቀፎዎች ናቸው፤ አንዱ ንብ አለበት፣ አንዱ ባዶ ነው። ጎረቤታቸው አያ ጫኔ ደግሞ ጓሮው ሙሉ ቀፎ፣ ጎተራው ሙሉ ማሽላ፣ ሆዱ ግን ሞልቶ የማያውቅ ሰው ነበር።

ታዲያ አንድ ዓመት ዝናብ ቀረ። ማሽላው በቁሙ ደረቀ፣ አበባው ረገፈ፣ ገበያው ተወደደ። ማርማ እንደ ወርቅ ሆነ!

ማር የሚቆረጥበት ጊዜ ደረሰ። ስንሻው ዋንዛው ላይ ወጣ፤ ግማሹን ቆርጦ ግማሹን ለንቦቹ ትቶ ወረደ። ከቆረጠው ላይ ደግሞ ጥቂት ጨለፈና የባዶውን ቀፎ ውስጡን ቀባው።

“ምነው አንተ ሰው፣ ጤና የለህም?” አለች የዝና። “ለልጆቻችን የለን፣ አንተ ለዝንብ ትተዋለህ! ይባስ ብለህ ባዶ ቀፎ ታበላለህ?”

“የተውኩላቸው ድርሻቸውን ነው። አበባ የለ፣ ምን ይብሉ? የቀባሁት ደግሞ ተስፋዬን ነው። እንግዳ የሚገባው መደብ ከተነጠፈበት ቤት ነው። ለዛሬ አለን፣ የዝና። የነገውን የሰጠን ጌታ ያውቃል።”

ጫኔ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ሰምቶ በሳቅ ፈረሰ። “ስንሻው ለንብ ደግሷል አሉ!” አለ። እሱ የራሱን ቀፎዎች ሁሉ ሙልጭ አድርጎ ቆርጦ ገበያ አወረደ።

ወራት አለፉ። ጫኔ ሁለተኛ ቆረጠ፤ አሁንም ሙልጭ። ስንሻው ቤት ግን ረኃብ ገባ። አንድ ቀን ትንሿ ልጁ “አባዬ፣ ራበኝ” ብላ ስታለቅስ ያ ሁሉ እምነቱ ከዳው። “ዛሬስ አንዲት ጠብታ አልተውም!” ብሎ ቢላዋውን ይዞ ዋንዛው ላይ ወጣ። የቀፎውን አፍ ሊከፍት ሲል ጆሮውን አስጠጋ። ንቦቹ በደከመ ድምፅ ያጉረመርማሉ።

“እናንተም ልጅ አላችሁ” አለ። እንባው መጣ። ከዳር ጥቂት ብቻ ቆርጦ ወረደ። የዝና እጁን አየች፤ አልተቆጣችም። ማሩን በውኃ በጥብጣ ልጆቹን አጠጣቻቸውና “ተመስገን” ብላ አስተኛቻቸው።

ጫኔ ሦስተኛ ቆረጠ። አሁንስ ማር የሚባል አልነበረም፤ የንቦቹን ልጆች፣ እጩን ሳይቀር ገሽልጦ አወጣው። በማግስቱ ከጓሮው ትልቅ ጉምጉምታ ተነሣ። ንቦቹ ኮበለሉ! ሰማዩን አጥቁረው፣ አጥሩን ተሻግረው መጡና የት ገቡ? በሉ እንጂ! አዎ፣ ስንሻው ማር የቀባው ባዶ ቀፎ ውስጥ።

“ሰላቢ! ሰለበኝ! በመድኃኒት ንቤን ወሰደው!” እያለ ጫኔ ወደ መንደሩ ዳኛ፣ ወደ ጭቃ ሹሙ ሮጠ። ሰላቢ ማለት፣ ልጆች፣ የሰውን በረከት በአስማት የሚወስድ ማለት ነው። ሰላቢ የተባለ ሰው ከአገር ይባረራል። ቀላል ክስ እንዳይመስላችሁ!

ሽማግሌ ተሰበሰበ። ጭቃ ሹሙ ሾላው ሥር ተቀመጡና “ስንሻው፣ ምን ትላለህ?” አሉ።

“ጌታዬ፣ ንብ አንደበት ባይኖረው ክንፍ አለው። ነገ ሁለታችንም ባዶ ቀፎ ይዘን እንምጣ፤ ንቦቹ መሀል ላይ ይራገፉ። ወደሱ ከገቡ ያለኝን ቀፎ ሁሉ ይውሰድ፣ እኔም ልጆቼን ይዤ ከአገር ልውጣ። ወደኔ ከገቡስ?”

“በቅሎዬን!” አለ ጫኔ ደረቱን ነፍቶ። “በበቅሎዬ እወራረዳለሁ! ንብ ጌታውን አያጣውም!”

ቤት ሲገቡ የዝና በሩን ዘጋችና ጠየቀች። “እሱም ማር ቀብቶ ቢመጣሳ?”

ስንሻው ፈገግ አለ። “ጫኔ? ጫኔ ቀፎ ማር ከሚቀባ ጥርሱን ቢያወልቅ ይመርጣል። እኔን የጨነቀኝ እኛ የምንቀባው ማጣታችን ነው።”

የዝና ጓዳ ገባች። ለትንሿ ልጅ ብላ የደበቀቻትን፣ ማንኪያ የማትሞላ ማር በቅል ይዛ ወጣች። ከጓሮ ወድቆ የነበረውን አሮጌ ቀፎ አነሣችና በገዛ እጇ ቀባችው። “የሰጠን ጌታ አልሞተም” አለች። ያን ጊዜ የስንሻው ልብ ረጋ።

ጠዋት ጫኔ አዲስ፣ ሰፊ፣ ያማረ ቀፎ አሸክሞ መጣ። ስንሻው የተጣጣፈ አሮጌ ቀፎውን ታቅፎ መጣ። ሰዉ ሳቀበት።

ጭቃ ሹሙ ስንሻው ቀፎ ውስጥ ማሩን አዩና “አንተስ፣ ምን ቀባኸው?” ብለው ጫኔን ጠየቁት።

“ምን እቀባለሁ ጌታዬ? በዚህ ክፉ ዓመት ማር ለንብ? ይልቅ ቶሎ ይራገፍልኝ!”

ንቦቹ ቁርበት ላይ ተራገፉ። ተነሡ፣ ተሽከረከሩ። ወደ ጫኔ ቀፎ ሄዱ፤ አሸተቱት፣ ተመለሱ። ሁለተኛ ሄዱ፤ ተመለሱ። ሦስተኛም ሄዱ። የዝና ዓይኗን ጨፈነች። ይኼኔ ጫኔ አላስችል ብሎት “ግቡ! ግቡ እንጂ!” እያለ ቀፎውን ቢደበድበው፣ አንዷ አፍንጫው ላይ፣ ሌላዋ ጆሮው ላይ! እሱ “ኡኡ!” እያለ ሲንከባለል፣ ንቦቹ ግልብጥ ብለው የስንሻው አሮጌ ቀፎ ውስጥ ገቡ።

“ሰላቢ የለም” አሉ ጭቃ ሹሙ። “ያለው የተራበ ንብ ነው። ስንሻው፣ በቅሎዋን ውሰድ።”

“በቅሎ ምን ታደርግልኛለች ጌታዬ? የምትግጠው ሣርም የለኝ። ለልጆቼ እስከ መኸር የሚያደርስ ማሽላ ከጎተራው ይስፈርልኝ፤ ይበቃኛል።”

በቅሎው የተረፈችለት ሰውዬ ደስ ሊለው ሲገባ፣ ማሽላው ሲሰፈር እዬዬ አለ!

ዝናቡ በዓመቱ መጣ። ዋንዛው አበበ፣ የስንሻው ቀፎዎችም ረቡ። እሱ ግን እንደ ልማዱ ግማሹን ይቆርጣል፣ ግማሹን ይተዋል፤ የዝናም ባዶ ቀፎ ባየች ቁጥር እየቀባች ታኖራለች። ጫኔ ያንን አዲስ ቀፎ ታቅፎ አጥሩ ሥር ተቀምጦ ሰማይ ሰማይ ያያል። መንገደኛው “ኧረ ጥቂት ማር ቀባው!” ሲለው፣ “ቆይ፣ ዋጋው ይርከስ” ይላል። እስካሁንም አልረከሰለት። ለዚህ ነው አባቶች፦

“ለንቡ ያላስቀረ፣ ባዶ ቀፎ ታቅፎ ቀረ” ያሉት።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በማር አብሱ፤ ቀፎውን ግን አትጨርሱ!