ኮከብ የለበሰችው ጅግራ

ተረት ልንገራችሁ፤ ጆሯችሁን ዝናብ እንደሚጠብቅ ማሳ ክፈቱልኝ።

በድሮ ጊዜ፣ እንስሳና ዕቃ እየተማከሩ በሚያርሱበት ዘመን፣ በሬ፣ ማረሻ፣ ቅልና ጅግራ አብረው ይኖሩ ነበር። በሬ ይጎትታል፤ ማረሻ መሬት ይሰነጥቃል፤ ቅል ዘር ትይዛለች። የጅግራ ሥራ ኮከብ ማየት ነበር። ተጠጋግተው የሚወጡት ሰባቱ ኮከቦች በበጋው መጨረሻ በምዕራብ ጠልቀው ይጠፋሉ። ሰንብተው አንድ ቀን ንጋት ላይ፣ ፀሐይ ሳትቀድማቸው በምሥራቅ ብቅ ካሉ፣ እውነተኛው ክረምት ደርሷል ማለት ነው። ያኔ ይዘራል። ይህን ሥራ ለጅግራ የሰጧት ነጭ ነጠብጣብ የሞላበትን ላባዋን አይተው ነው፤ ኮከብ የለበሰች ኮከብ ታውቃለች ብለው።

ያን ዓመት ግን ረሃብ ነበር፤ በሬን እንዳይበላባቸው ፈርተውም ጎረቤታቸውን አያ ጅቦን አባረውታል። ቅል ውስጥ የቀረው የመጨረሻው ዳጉሳ ነው፤ እሱ ከጠፋ የሚዘራም የሚበላም የለም። በዚህ መሀል ሳይታሰብ ዝናብ ጣለና መሬቱ ራሰ።

በመጀመሪያው ጠዋት ማረሻ መጣ።

«እትዬ ጅግራ፣ ሰባቱ ወጡ ወይ?»

«ደመና ነበር» አለች አንገቷን ደፍታ።

በሁለተኛው ጠዋት በሬ መጣ።

«እትዬ ጅግራ፣ ሰባቱ ወጡ ወይ?»

«ጉም ነበር» አለች፣ ይበልጥ አንገቷን ደፍታ። በሬም ያን ሁሉ ኮከብ ለብሶ ኮከብ ማጣት ምን የሚሉት ነው ብሎ አላገጠባትና ሄደ።

በሦስተኛው ጠዋት በሬ ከወንድሙ ጋር ተጠምዶ፣ ማረሻ ተስሎ፣ ሁሉም ደጇ ቆሙ። ርጥበቱ ሳያመልጠን እንዝራ፣ አንድ ቃል ብቻ ስጪን አሏት። ቅል ግን ጠጋ ብላ፣ «እህቴ፣ ሆዴ ውስጥ ያለው የመጨረሻው ነው። በዓይንሽ አይተሻል?» አለቻት።

ጅግራም እውነቱን ተናገረች።

«አላየሁም። አንድም ዓመት አይቼ አላውቅም። ንጋት ላይ ራሴን በክንፌ ሸፍኜ እተኛለሁ። አያ ጅቦ ወደ ጉድጓዱ ሲመለስ ‹ሰባቱ ወጡ፤ ቤቴን ውኃ ሊገባው ነው› እያለ ሲያጉረመርም እሰማና እነግራችሁ ነበር። ዘንድሮ አባረራችሁት። ስታምኑኝ አፈርኩ፤ አፍሬም ዝም አልኩ።»

ማረሻ ሊሰድባት አፉን ከፈተ። በሬ ግን ቀደመውና፣ «እኛስ ዓይን አልነበረንም?» አለ። ቀንበሩንም አወረደ።

ዝናቡ በማግስቱ ቆመ። ማዶ ያለው ጦጣ የዘራው ዳጉሳ በቅሎ በፀሐይ አረረ። እነ ጅግራም በየንጋቱ ኮረብታው ላይ ወጥተው፣ ዛሬም ባይወጡስ እያሉ ምሥራቁን ማየት ያዙ።

አንድ ንጋት ጅግራ ሰባቱን እንደ ጫጩት ተጠጋግተው አየቻቸው። «ወጡ» ግን አላለችም።

«እናንተም እዩ» አለች።

አንድ በአንድ አዩ። ሁሉም ካዩ በኋላ ቅል ሆዷን ከፈተች፤ ክረምቱም ሳይውል ሳያድር ገባ።

ጅግራ እስከ ዛሬ ንጋት ላይ የምትንጫጫው፣ ተነሡና እዩ ለማለት ነው ይባላል። እኔም ያወረሱኝን አወረስኳችሁ፦ በላባ ላይ ያለ ኮከብ ዳጉሳ አያበቅልም።