ክንፋሙ ንጉሥና ቀናተኛው ጃርት

በሾላ ዱር አንበሳ ይገዛል፣ ቀበሮ ያስታውቃል፣ የቀረው ሁሉ ይስማማል። ሥርዓቱ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ስለሆነ ማን እንዳወጣው የሚጠይቅ የለም። አንድ የጠየቀ ከርከሮ ነበረ ይባላል፤ ነበረ ብቻ ነው የሚባለው።

ደካሞቹ እንስሳት ከሥርዓቱ ሁሉ ከልባቸው የሚወዱት አንዱን፣ የውሃ ተራን ነበር። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ወንዙ ዳር ይሰበሰባሉ። ግማሾቹ ሲጠጡ አንዱ ቋጥኙ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ የቀሩት ተራቸው እስኪደርስ ቁጭ ብለው ይቆያሉ። ጥበቃው ከጅብ ነው ይባል ነበር። የንጉሡ ዱካም አልፎ አልፎ በወንዙ ዳር አሸዋ ላይ እንደሚገኝ ሁሉም ያውቃል፤ አፉን ከፍቶ የተናገረ ግን የለም። ዝም አይነቅዝም።

የጠማው እንስሳ ተራ መጠበቅ ይከብደዋል። አንዱ ተጋፍቶ ከገባ ሁሉም ይገባል፣ ጠባቂውም ከቋጥኙ ይወርዳል። ይህ እንዳይሆን ሽማግሌው ጃርት አባ ቀስቴ ለተቀመጡት ተረት ያወራላቸው ነበር። አባ ቀስቴ ጉሮሮውን ጠርጎ ሲጀምር ጥም ይረሳል። ሚዳቋዋ ስንዱ አንድ ቀን ተራዋ ደርሶ ሲጠሯት «ቆይ፣ መጨረሻውን ልስማ» ብላ አሳልፋዋለች። ይህንን አባ ቀስቴ ለማያውቀው እንግዳ ሳይቀር ሳይናገር አያልፍም።

ሁልጊዜ ከፊት ከሚቀመጡት አንዷ ጦጢቱ ማንጠግቦሽ ነበረች። አፏን ከፍታ ትሰማለች፣ ተረቱ ሲያልቅ ደግሞ «አባ፣ ይኼኛው ሰውዬ ሲወድቅ እንዴት ነው የወደቀው? እስቲ አሳዩኝ» ትላለች። አባ ቀስቴም «ተረት ይሰማል እንጂ አይታይም» እያለ ይስቅባት ነበር። አንድ ክረምት ግን ጠፋች። ንጉሡ አስጠርቷት ገደሉ ሥር አንድ ነገር እያሠራት ነው ተባለ።

መስከረም ሲጠባ አጋፋሪ ቀበሮ የማንጠግቦሽን ትርኢት ሊያስታውቅ ወጥቶ «ክንፋሙ ይመጣል!» ብሎ አወጀ። ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚያደርግ አልተናገረም። ከቁጥቋጦ ጀርባ የአንድ ክንፍ ጫፍ ብቅ አደረገና መልሶ ሸሸገው፤ በቃ። በዚያች ጫፍ ዱሩ ታመሰ። የንስር ናት የሚልና የለም የመልአክ ናት የሚል ተጣልቶ ሰላምታ ተነፋፈገ። ጥንቸሎች ከኮባ ቅጠል ክንፍ ሠርተው ለበሱ። ፈጠነ የሚባለው የስንዱ ታናሽ ወንድም ትርኢቱን ሳያየው ሸመደደው፤ ክንፋሙ በየት በኩል እንደሚወርድ፣ ሲወርድ ምን እንደሚል ላገኘው ሁሉ ያስረዳ ነበር።

አባ ቀስቴ ተረት ሲጀምር የሚሰማው አጣ። ጨርሳ የሰማችው ኤሊ ብቻ ነበረች፤ እሷም ቶሎ ተነሥታ መሄድ ስለማትችል ነው።

አባ ቀስቴን ቅናት ያዘው፤ ሌላ ስም ብንሰጠው ውሸት ይሆናል። ሥር ሲቆፍር የማንጠግቦሽ ስም ይሰማዋል፣ የቆፈረውን ሲያኝክ ሬት ሬት ይለዋል። የእሷ ትርኢት ቀን ዝናብ እንዲዘንብ ተመኘ። ዝናብ ከዘነበ ደግሞ «ዝናብ ባይሆን ኖሮ» ብለው ያዝኑላታል ብሎ ሰጋና ፀሐይ እንዲሆን ተመኘ። ቅናት አጥንት ያነቅዛል ይላሉ፤ እሱን ያነቀዘው ከአንጀቱ ጀምሮ ነው።

ቀኑ ደረሰ፣ ፀሐይም ሆነ። ዱሩ በሙሉ ገደሉ ሥር ተኮለኮለ። መጀመሪያ ጅቦች መጡ። ደካሞቹ ጮኹ። ጠባቂው በሽኮኮ ተመስሎ ከቋጥኙ ላይ እየተንቀጠቀጠ ጮኸ፣ አዳለጠው፣ ራሱ ላይ ሸና፣ ሸሸም። ተመልካቹ በሣቅ ተንፈራፈረ። ከዚያ ደካሞቹ መሬት ላይ ተኝተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያኔ ከገደሉ አፋፍ፣ ፀሐይዋን ከጀርባው አድርጎ፣ ንጉሥ አንበሳ ራሱ ሁለት ታላላቅ ክንፎች ዘርግቶ ወደ ምድር ወረደ። «ዓይኑን ለጨፈነ እወርድለታለሁ!» አለ። ጅቦቹም ሞተው ወደቁ።

ያ ሁሉ ፍጥረት ባንድ ላይ «ኧረ!» አለ። ከአባ ቀስቴም አፍ «ኧረ!» ወጣ፤ ዓይኑም እንባ አቀረረ። ማንጠግቦሽን ይቅር ያላላት በዚህ ነው። ትርኢቱ መጥፎ ቢሆን ኖሮ ይቅር ይላት ነበር።

በማግስቱ ጉድለት ለቀማ ወጣ። ገመዱ ይታያል አለ፤ የሾላ ልጥ ነው፣ ዝንጀሮዎች ከላይ ይዘውታል። ላባው የጥንብ አንሣ ነው፣ ይሸታል አለ። ጅቦቹ ሞተው ተነሥተው እንደገና ሞቱ፣ አንዱማ ከሞተ በኋላ አጥንት ይቆረጥም ነበር አለ። መሐሉ ረዘመ፣ ታሪኩም ከእኔ የተሰረቀ ነው አለ። ሁሉም እውነት ነበር።

«አልገባዎትም አባ» አሉት ጥንቸሎች። «ልብዎን ከፍተው አላዩትም። ሁለተኛ ይዩት።»

«የተሠራው ለእኛ እንጂ ለሽማግሌ አይደለም» አለው ፈጠነ።

ሌላ ከርከሮ ደግሞ በየቀኑ የሚደገመውን ትርኢት ሦስት ጊዜ አየሁት እያለ ይምላል፤ ሁለቱን ጊዜ ያሳለፈው ሲያንኮራፋ ነው። ድኩላ ተጠይቃ «ደህና ነው» ብትል ጓደኞቿ ሁሉ ተቀየሟት፤ ደህና ነው ማለት በዚያ ሰሞን ስድብ ነበር። አባ ቀስቴን ግን የበሰበሰ ሾላ ወረወሩበት፣ «እስቲ አንተ ብረር!» አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቱታው ቀረ።

አንቱታውን ያልተወችው ስንዱ ናት። አንድ ረፋድ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ሾላውን ከጀርባው ሲያራግፍ አገኘችው።

«አባ፣ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ» አለችው። «ክንፋሙ የሚያድናቸው ከሆነ ዓይናቸውን መጨፈን ለምን አስፈለጋቸው?»

አባ ቀስቴ ማራገፉን ተወ። ገመዱን አይቷል፣ ላባውን አሽትቷል፣ የሞቱትን ጅቦች አንድ በአንድ ቆጥሯል፤ ይህንን ግን አልጠየቀም ነበር። ዓይኑ ማንጠግቦሽ ላይ ስለነበረ ንጉሡን አላየውም። ንጉሡ አርጅቷል፣ ድኩላን አባርሮ መያዝ ካቃተው ቆይቷል። ዓይኑን የጨፈነን ደግሞ ማባረር አያስፈልግም።

በዚያው ሳምንት አጋፋሪ ቀበሮ ሸንጎ ጠራ። የሚመከርበትም ነገር ይኸው ነበር፤ ክንፋሙ እያለልን ቋጥኝ ላይ መቆምና ተራ መጠበቅ ንጉሡን መጠራጠር ስለሚሆን፣ የውሃ ተራ ይቅር።

በሾላ ዱር ሸንጎ የሚያመሰግን ሰተት ብሎ ገብቶ ይናገራል። የሚነቅፍ ግን አስቀድሞ በሸንጎው መሐል ያለውን የጨው ድንጋይ ልሶ «ቅናት የለብኝም» ብሎ ይምላል። የሚያመሰግን ይዋሻል ተብሎ ስለማይታሰብ ለእሱ መሐላ አልተደነገገም።

ንጉሡ ክንፉን ሳያወልቅ ከሸንጎው ዛፍ ሥር ተጋድሟል። ማንጠግቦሽ አጠገቡ ተቀምጣ የተነቃቀሉ ላባዎችን ትሰካለች። መጀመሪያ የተነሣው ፈጠነ ነው።

«ጃንሆይ፣ እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ እየፈራሁ ነው የጠጣሁት» አለ። «አንድ ጉንጭ፣ ቀና ማለት። አንድ ጉንጭ፣ ቀና ማለት። አንድም ቀን ጠጥቼ ረክቼ አላውቅም። ክንፋሙን ያየሁ ቀን መፍራት ሰለቸኝ። እንደ ልቤ ልጠጣ እፈልጋለሁ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ብዙዎች አለቀሱ። አባ ቀስቴም ቢሆን ለልጁ አዘነ፤ ነገር ግን በዚያችው ቅጽበት «እኔ እንዲህ አስለቅሼያቸው አላውቅም» የሚል ሐሳብ መጣበት፣ በራሱ አፈረ።

ተነሣና ወደ ጨው ድንጋዩ ሄደ። ሊዋሽ ቆርጦ ነበር። አንዲት የሐሰት መሐላ ስንት ነፍስ ታድን ይሆናል ብሎ ራሱን አሳምኗል። ድንጋዩን ላሰ፣ አንገቱን ቀና አደረገ።

«ቅናት...» ሲል ዓይኑ ማንጠግቦሽ ላይ ዐረፈ። ክንፉን እየሰካች ነበር፤ ላባው በእጇ ላይ እንዴት እንደሚያምር አየ። «...የለብኝም» አለ። የጀርባው እሾህ ግን ከአንገቱ እስከ ጅራቱ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ እየተፋጨም ተንኳኳ።

ሸንጎው በሣቅ ፈረሰ። ንጉሡም ሳቀ፤ ክንፎቹ ተርገበገቡ።

«እኛ ምን እንመስክር፣ ጀርባው መሰከረ» አለ ቀበሮ። «በሕጉ መሠረት ይቀመጥ።»

«እሺ፣ ቀንቻለሁ!» ብሎ ጮኸ አባ ቀስቴ። «ቀንቻለሁ፣ ታምሜያለሁም። የክንፉን ነገር ተዉት፣ ክንፉ ቆንጆ ነው! ዓይናችሁን ብቻ አትጨፍኑ! ከቋጥኙ ላይ አትውረዱ!»

«ትናንት ገመዱ ነው አልክ፣ ከትናንት በስቲያ ላባው ነው አልክ፣ ዛሬ ደግሞ ዓይን ነው!» አሉት። «ነገ ምን ልትል ነው?»

ዋናውን ነገር በጥቃቅኑ ሥር የቀበረው እሱ ራሱ ነው። ወደ ማንጠግቦሽ ዞረ። «ልጄ፣ አንቺ ንገሪያቸው። የሠራሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺን ይሰሙሻል።»

ማንጠግቦሽ እጇ ላይ ያለውን ላባ አገላበጠችው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ንጉሡን አየችና መልሳ ገጠመችው። «እኔ የተጠየቅሁት ክንፍ ነው፣ አባ» አለች ቀስ ብላ። «ተራ ስለሚባለው አልተጠየቅሁም።» የውሃ ተራ በእልልታ ቀረ።

ምሽቱን ሁሉም ባንድነት ወደ ወንዙ ወረደ። መጋፋት የለ፣ መጠበቅ የለ፤ ዓይን ጨፍኖ መጠጣት ብቻ። አንዳንዶቹ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጠጥተው ረኩ፤ ይህን መካድ አይቻልም።

ሲነጋ አሸዋው ላይ ደምና አንድ የሚዳቋ ቀንድ ተገኘ።

አባ ቀስቴ ጩኸቱን ከጉድጓዱ ሆኖ ሰማ። ከሁሉ አስቀድሞ ወደ ልቡ የመጣው «አላልኩም?» የሚል ነበር፤ ሞቅ ያለ፣ ጣፋጭ ነገር በደረቱ ውስጥ ፈሰሰ። ከዚያ ወጥቶ ቀንዱን አየ። የፈጠነ ነበር።

ወንዙ ዳር ክርክሩ ጦፏል። ንጉሡን ያነሣ ግን የለም።

«አንድ ዓይኑን ገልጦ ነበር፤ አጠገቡ ነበርኩ» አለ ከርከሮው።

«ስለዚህ ነዋ ያልወረደለት!» አሉ ጥንቸሎቹ። «ትርኢቱ ላይ እኮ በግልጽ ተነግሯል። በደንብ ላላየው ትርኢቱ ምን ያድርግ?»

አጋፋሪ ቀበሮ በማዘን ራሱን ነቀነቀና፣ በመጪው ዓመት ክንፋሙ ባለ አራት ክንፍ ሆኖ እንደሚመጣ አስታወቀ። ከለቅሶው መሐል ደስታ ተሰማ። ማንጠግቦሽ ከገደሉ ሥር አልወጣችም፤ አራት ክንፍ ብዙ ላባ ይፈልጋል።

ስንዱ ከሕዝቡ ተለይታ ወደ አባ ቀስቴ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

«አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ እንዳይዋሹኝ» አለችው። «ደስ አለዎት?»

ሽማግሌው መሬት መሬት አየ። «መጀመሪያ አዎ» አለ። «ማን እንደሆነ ሳላውቅ።» ቀጥሎም «ካወቅሁ በኋላም ወዲያው አልለቀቀኝም» አለ።

ስንዱ ፊቷን አዙራ ሄደች። ለማልቀስ የሄደች መስሎት ነበር። እሷ ግን ወንዙን ተሻግራ ቋጥኙ ላይ ወጣች፣ አራት እግሯንም ተክላ የንጉሡ ዋሻ ወዳለበት ወገን ማየት ጀመረች።

ከታች፣ ከሚጠጡት መካከል አንዱ ዓይኑን እንደጨፈነ ኮቴዋን ሰምቶ ጮኸ።

«ምነው ስንዱ፣ አንቺም ቀናሽ እንዴ?»