ከአጥር ያላለፈ መልእክት

አንዲት ሴት ነበረች። ከጎረቤቷ ጋር ሦስት ወር ሙሉ አልተነጋገረችም።

በምን ተጣሉ? በጎርፍ መውረጃ ቦይ። ሴትየዋ ይርገዱ ትባላለች፤ ጎረቤቷ ደብሪቱ። ደብሪቱ የቆፈረችው ቦይ በመጋቢት ዝናብ ውሃውን ወደ ይርገዱ ጓሮ ለቀቀው፤ ጎመኗን ጠራርጎ ወሰደው። ክፉ ቃል ተለዋወጡ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም።

የሁለቱም ቤት ከወንዙ ወዲህ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ወዲያ ማዶ። ድልድይ የለም። ልጆቹ ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጡ ይሻገራሉ። በበጋ ውሃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። ሰኔ ሲገባ ግን ወንዙ ሌላ ነው።

ስለዚህ ርዕሰ መምህሩ፣ ጋሽ አንዳርጌ፣ ዝናቡ ሲከፋ ትምህርት ይዘጋሉ፤ አለዚያም የመግቢያውን ሰዓት ያዘገያሉ። ወላጆች እንዴት ይሰማሉ? ስልክ ላላቸው ይደውላሉ፤ ስልክ ያለው ለሌለው ጎረቤቱ ይነግራል። ለዓመታት እንዲህ ሆኖ ኖሯል፤ አንድም ልጅ አልተጎዳም።

የፈተና ሳምንት ነበር። ሰኞ ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ ዋለ። ወደ ማምሻው ላይ የይርገዱ ስልክ ጮኸ።

«እትዬ ይርገዱ፣ ወንዙ ሞልቷል» አሉ ጋሽ አንዳርጌ። «የነገው ፈተና ወደ ከሰዓት ተዛውሯል። እኔ ውሃውን አይቼ ደግሜ እስክደውል ድረስ ልጅ እንዳትልኩ።»

«እሺ።»

«ስልክ የላትምና ለደብሪቱም ይንገሩልኝ። ልጇ እናኑ ለፈተና ማልዳ ነው የምትወጣው።»

ይርገዱ ዝም አለች።

«ሰሙኝ?»

«ሰምቻለሁ።»

ልብ በሉ! ሰምቻለሁ አለች እንጂ እነግራታለሁ አላለችም።

ወደ ደጅ ወጣች። ደብሪቱ ከአጥሩ ማዶ ማገዶዋን ከዝናብ ታስገባለች። ሠላሳ እርምጃ አይሆንም። ድምፅ ብታሰማ ትሰማት ነበር። «ቀድሜ የማናግራት እኔ ነኝ ወይ?» አለች በልቧ። «ደግሞስ ወንዙን በዓይኗ ታየው የለ! ጠዋት እነግራታለሁ።» ተመልሳ ገባች።

ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ፣ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ይርገዱ መጀመሪያ ላሟን ልለብ አለች። አልባ ስትወጣ ደብሪቱ ብቻዋን ደጇን ስትጠርግ አየቻት። ከሦስት ወር በኋላ የመጀመሪያው ቃል ከአፏ ወጣ።

«እናኑ የት አለች?»

ደብሪቱ ቀና አለች። «ፈተና ሄደች። ምነው?»

ይርገዱ ወደ ወንዙ ሮጠች። ደብሪቱም መጥረጊያዋን ጥላ ተከተለቻት።

ሲደርሱ ልጅቷ ከማዶ ነበረች፤ በጋሽ አንዳርጌ ካፖርት ተጠቅልላ መሬት ላይ ተኝታለች። ጋሽ አንዳርጌ ውሃውን ሊያዩ በማለዳ ወርደው፣ እናኑ ሦስተኛውን ድንጋይ ስትረግጥ አዩአት። ተመለሺ ብለው ጮኹ፤ የወንዙ ድምፅ ዋጠው። ውሃው ወሰዳት። በዳርቻው እየሮጡ ተከትለው፣ መታጠፊያው ላይ የወደቀ ዛፍ ሲይዛት እስከ ደረታቸው ገብተው በቀሚሷ ጎትተው አወጧት። በሕይወት አለች። ቀኝ ክንዷ ግን ከድንጋዩ ጋር ተቀጥቅጦ ነበር። የአሥር ዓመት ልጅ ናት።

ሁለቱ እናቶች መሻገር አልቻሉም። ውሃው እስኪጎድል ዳር ቆመው መጠበቅ ነበረባቸው። ልጇ ከማዶ ስትቃትት እያየች ደብሪቱ እንዲህ ስትል አለቀሰች፦ «ለሰው ሁሉ ሲደውሉ ለኔ ልጅ የሚያስብ ጠፋ! ምን በደልኳቸው እኒህን ሰው?»

ይርገዱ ዝም ብትል ጥፋቱ በጋሽ አንዳርጌ ይቀር ነበር። ማን ያውቅባታል?

«ደውለዋል» አለች። «ለኔ ነው የነገሩኝ። ትላንት ማታ አንቺን እያየሁሽ ሳልነግርሽ ገባሁ።»

ደብሪቱ አልጮኸችም። ከአጠገቧ ራቅ ብላ ቆመች። ቀትር ላይ ውሃው ሲጎድል ለየብቻቸው ተሻገሩ።

የእናኑ ክንድ እስከ ዛሬ አልተዘረጋም። በግራ እጇ መጻፍ ተማረች። ይርገዱ በየሳምንቱ ወደዚያ ቤት ትሄድ ነበር፤ በሩ ይዘጋባታል፤ ተመልሳ ትሄዳለች። በዓመቱ ደብሪቱ ከፈተችላት። «ይቅር ብዬሻለሁ» አለቻት። «የልጄን ክንድ ባየሁ ቁጥር ግን እንደገና ይቅር ማለት አለብኝ።»

ወገኖቼ፣ ይርገዱ ምን አደረገች? ሰደበች? አልሰደበችም። ገፋች? ማንንም አልገፋችም። ዝም ነው ያለችው። እኛም ዝምታችንን ኃጢአት ብለን አንናዘዘውም። ጨዋነት እንለዋለን።

እናንተስ ዘንድ ያደረ መልእክት የለም? አባትየው ታሞ ልጁን እንደሚጠራ ሰምታችሁ፣ ልጁን ስለተቀየማችሁት ያልነገራችሁት የለም? እኅታችሁ አደጋ ወዳለበት ነገር ስትገባ አይታችሁ፣ «ምን አገባኝ፣ ራሷ ታየዋለች» ያላችሁ የላችሁም? በሁለት ትልልቅ ሰዎች ኩርፊያ መካከል ስንት ሕፃን እንደሚያልፍ እናውቃለን ወይ?

ታረቁና ከዚያ ተናገሩ አላልኳችሁም። ዕርቁ ዓመት ይፍጅ፤ እግዚአብሔር ይታገሣል። አሁን ለጸሎት ስንነሣ የዚያን ሰው ስም በልባችሁ ጥሩ። ከዚህ ስትወጡም ወደ ቤታችሁ ሳትገቡ በሩን አንኳኩ። ባይከፍትላችሁ እንኳ ከውጭ ሆናችሁ ንገሩት።