አሥራ አንድ ክምር ጡብ

አንድ ሰው ነበር። ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ወንዝ ዳር፣ ጡብ ያቃጥላል። ጭቃውን ያስቦካል፣ በቅርጽ ያስመታል፣ ዳስ ሥር ያደርቃል፣ ከዚያ ምድጃው ውስጥ ደርድሮ በድንጋይ ከሰል አራት ቀን ሙሉ ያነደዋል። ስሙን ደምሰው እንበለው።

ደምሰው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። አሥራትም ያወጣል። በብር አይደለም፤ በጡብ። ጉባኤው አዲስ ጸሎት ቤት ለመሥራት ካሰበ ጀምሮ፣ ከምድጃው ከሚወጣው ከአሥር አንዱን በጋሪ እያስጫነ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ይልካል። የእያንዳንዱን እሳት አሥራት ለብቻ ይከምራል። የመስከረሙን ከጥቅምቱ አይቀላቅልም። በየክምሩ ራስ ላይ ወሩን በኖራ ይጽፋል። ለምን ሲሉት፣ «የጌታ ድርሻ ተቀላቅሎ እንዳይጠፋ ነው» ይላል።

አስመሳይ ይመስላችኋል? አይደለም። ይህን ያዙልኝ፤ ደምሰው እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነው። ታሪኩ ከባድ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ጡቡ መከመር በጀመረበት ዓመት የክልሉ ምክር ቤት አዋጅ አወጣ። ከሰልና ናፍጣ እያነደደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር የሚለቅ ሁሉ በለቀቀው መጠን ግብር ይክፈል፤ ምድጃውን አሻሽሎ ልቀቱን የቀነሰ ግብሩ ይቀነስለት፤ የሚሰበሰበው ገንዘብ ዝናብ በራቃቸው ቀበሌዎች የውኃ ጉድጓድ ይቆፈርበት የሚል አዋጅ።

ወይንሸት የምትባል የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ባለምድጃዎቹን ቀበሌ አዳራሽ ሰብስባ አስረዳቻቸው። እያንዳንዱ በዓመት ስንት ጊዜ እሳት እንደሚለኩስ ራሱ ያስመዘግባል። ካስመዘገበው በላይ ሲያቃጥል የተገኘ ፈቃዱ ለአንድ ዓመት ይታገዳል።

«እንግዲህ ስንተነፍስም ልትቆጥሩን ነው?» አለ መኩሪያ የሚባል ባለምድጃ። አዳራሹ ሳቀ።

«ትንፋሽዎ ነፃ ነው» አለች ወይንሸት። «የሚቆጠረው ከሰልዎ ነው።»

አዳራሹ እንደገና ሳቀ። ደምሰው አልሳቀም፤ እጁን አወጣ። «ልጄ፣ ጭስ እኮ ይበተናል። ነፋስ ከመጣ በኋላ የት እንደገባ አታገኚውም።»

«ጭሱ ይበተናል፣ ጋሼ። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግን አይታይም እንጂ አይጠፋም። ከእርስዎ ምድጃ የወጣውም፣ ከእኛ መሥሪያ ቤት መኪና የወጣውም እዚያው ሰማይ ላይ ይጠራቀማል። ምድርን የሚያሞቃት እሱ ነው።»

ተራው ደርሶ ደምሰው መዝገቡ ፊት ቆመ። በዓመት ስንት ጊዜ ያቃጥላሉ ተብሎ ተጠየቀ።

«አራት» አለ።

እውነቱ አሥራ አንድ ነው። ከነሐሴ በቀር በየወሩ ያቃጥላል።

ማታ ራት ላይ ሚስቱ ዘርፌ ጠየቀችው። «ስንት አልክ?»

«አራት።»

«አራት?»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።»

«የሁሉን አላውቅም። እኔ የማጥበው ያንተን ልብስ ነው። በየወሩ ጥላሸት ለብሰህ ትመጣለህ።»

«ዘርፌ፣ ይሄ የመንግሥት ጉዳይ ነው።»

ሰማችሁ? የመንግሥት ጉዳይ ነው አለ። የእግዚአብሔር ጉዳይ ሌላ ነው፤ እሱ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ተከምሯል፣ በኖራ ተጽፎበታል። የመንግሥት ጉዳይ ደግሞ ቀበሌ አዳራሽ ነው ያለው። በደምሰው ልብ ውስጥ ሁለት ግቢ ነበር፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ ረጅም አጥር።

በዚያ ዓመት በልግ ቀረ። ከታችኛው ቀበሌ የሚመጡ የጉባኤው ሴቶች ለአንድ ጀሪካን ውኃ ግማሽ ቀን ይሄዱ ጀመር። ቤተ ክርስቲያኒቱ የሦስት ቀን ጾም ጸሎት አወጀች። ጸሎቱን ማን መራ? ደምሰው። ተንበርክኮ ዝናብ ለመነ። አለቀሰ፤ ልቅሶውም የእውነት ነበር። እሱ እያለቀሰ ወንዝ ዳር ምድጃው ይነድ ነበር። ያልተመዘገበ እሳት።

የአንድ ሰው ምድጃ የአንድ ወረዳ ዝናብ አያስቀርም። አዋጁም እንዲህ አይልም፤ ማንም የተማረ ሰው እንዲህ አይልም። ነገር ግን ለጉድጓድ ከታሰበው ገንዘብ ላይ የሰባት እሳት ግብር ጎድሏል። እነዚያ ጀሪካን ተሸክመው የሚሄዱት ሴቶች ከጸሎቱ በኋላ ደምሰውን እጁን ይዘው «ጌታ ይባርክህ» ይሉት ነበር።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል፣ በነሐሴ፣ ወይንሸት የዓመቱን ቅጽ ልታስፈርመው ወደ ወንዙ ወረደች። ምድጃው ቀዝቅዟል፤ ሰው የለም። ደምሰው ቤተ ክርስቲያን ነው አሏት። ሽማግሌዎቹ የጸሎት ቤቱን መሠረት ሊለኩ ተሰብስበው ነበር። እሷም ቅጹን ይዛ ሄደች።

በሩ ላይ ጋሽ ዳንጊሶ የሚባሉት አዛውንት የግቢ ጠባቂ ተቀበሏት።

«ጋሼ ደምሰውን ነው? አሁን ይወጣል። እስከዚያ ነይ፣ የሱን ሥራ ላሳይሽ» አሉ። እንግዳ ሲመጣ ግቢውን ማስጎብኘት ደስታቸው ነው። «እንዲህ ያለ ሰው አታገኚም። ይሄ ሁሉ ጡብ የሱ አሥራት ነው። ከያንዳንዱ እሳት ለብቻ። ይኸው መስከረም፣ ይኸው ጥቅምት፣ ይኸው ኅዳር። አንድም ወር አልዘለለም። ቁጠሪው ከፈለግሽ።»

ወይንሸት ቆጠረች። አሥራ አንድ።

ደምሰው ከሽማግሌዎቹ ጋር ከቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ሲወጣ ያያት ያን ጊዜ ነው። በአንድ እጇ ቅጹን ይዛለች። ቅጹ ላይ አራት ተጽፏል። ደምሰው ቆመ። ጋሽ ዳንጊሶ ገና ፈገግ እንዳሉ ነው።

አጠገቡ የነበረው ታፈሰ የሚባለው ሽማግሌ ነገሩ ወዲያው ገባው። ጠጋ ብሎ በጆሮው፣ «ከሌሎች ባለምድጃዎች የተዋጣ ነው በላት። እኛም እንመሰክራለን» አለው።

ቀላል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ። ያችን ዓረፍተ ነገር ለመናገር ግን ደምሰው ሰባት ክምር ጡብ ከእግዚአብሔር እጅ መልሶ መውሰድ ነበረበት። ወይ እዚያ ዋሽቷል፣ ወይ እዚህ ዋሽቷል። በሁለቱ ግቢ መካከል የነበረው አጥር ያን ጊዜ ወደቀ። አጥሩን የጣለው ጠላት አይደለም፤ የገዛ አሥራቱ ነው።

«ጋሼ» አለች ወይንሸት ቀስ ብላ፣ «እኔ የቆጠርኩትን ይተዉት። እርስዎ ይንገሩኝ።»

ደምሰው ወደ ክምሮቹ ሄደ። የመጨረሻው ራስ ላይ የራሱን ጽሑፍ አየ። ሐምሌ ይላል።

«አሥራ አንድ» አለ።

«ለምን አራት አሉን ታዲያ?»

«እናንተ አታዩም ብዬ» አላት። «እዚህ የከመርኩት ደግሞ እሱ ያያል ብዬ።»

ወይንሸት አልተቆጣችም። አላለፈችውምም። «አዝናለሁ፣ ጋሼ» አለች፤ ጻፈችም።

ምድጃው ለአንድ ዓመት ታሸገ። ደምሰው የሰባቱን እሳት ግብር ከነቅጣቱ ለመክፈል ጋሪውንና በቅሎውን ሸጠ። ስምንት ሠራተኞቹ ሥራ ፈቱ። ታፈሰ አልማረውም፤ በሰው ፊት፣ «አሥራ አንድ በማለትህ ስምንት ቤተሰብ አስራብክ» አለው።

«አሥራ አንድ ስል አይደለም» አለ ደምሰው። «ያስራብኳቸው አራት ስል ነው።»

ዝናቡ በማግስቱ መጣ? አልመጣም። እንደዚያ ያለ ታሪክ ለመስማት ተዘጋጅታችሁ ከሆነ ይህ አይደለም። የመጣው በታችኛው ቀበሌ አንድ ጉድጓድ ነው፤ እሱም ዘግይቶ።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ።

ዛሬ ጠዋት ስትገቡ መባችሁን በሣጥኑ ውስጥ አስገብታችኋል። መልካም። አሥራት ታወጣላችሁ። መልካም። ለዝናብ ትጸልያላችሁ። ጸልዩ። ነገር ግን ሰኞ ሥራ ስትገቡ የትኛውን ቁጥር ነው የምትናገሩት? ጥቁር ጭስ የሚተፋ መኪናችሁን ለምርመራ ቀን ብቻ የሰው ዕቃ ተውሳችሁ ገጥማችሁ የምታሳልፉ፣ ወፍጮ ያላችሁ፣ ዳቦ ቤት ያላችሁ፣ ጄነሬተር ያላችሁ፣ ለመሆኑ ከማን ነው የደበቃችሁት? ከመንግሥት? የምትተነፍሱትን አየር መንግሥት ብቻ ነው የሚተነፍሰው? ጀሪካን የተሸከመችው ሴት ዛሬ የተቀመጠችው ከእናንተ ጋር ነው፤ ሁለት ወንበር ኋላ።

አሥራታችሁን አትቀንሱ፤ እንዳይታወቅባችሁ ብላችሁ ክምሩን አታፍርሱ። ቁጥሩን አስተካክሉ።

ሁለት ግቢ የለም። ሰማዩ አንድ ነው፤ ከእያንዳንዳችን የወጣው ሁሉ እዚያው ላይ አለ፤ ከሁሉ በላይ ሆኖ የሚያየውም አንድ ነው።

ነገ አንድ እንግዳ ወደ ግቢያችሁ ይምጣ እንበል። የሚወዳችሁ ሰው፣ ምንም ክፋት ሳያስብ፣ በኩራት እጁን ይዞ ያስጎብኘው። ይኸው መስከረም፣ ይኸው ጥቅምት፣ ይኸው ኅዳር ይበለው።

እንግዳው ስንት ይቆጥራል? እናንተስ ስንት ብላችሁ ነበር?