የአንማው አራት ታንኳዎች

በሐይቁ ዳር ባለው መንደራችን፣ ሰው ሥራው ቀንቶት ላስፋው ማለት ሲጀምር ሽማግሌዎች የሚሏት አንዲት ቃል አለች። ለሰማት ሰው የታንኳ ነገር ብቻ ትመስላለች። ባለፈው ሰሞን ልጄ ምግብ ቤቷ ገበያ ስለያዘላት ሌላ ሁለት ቦታ ልትከፍት መሆኑን ስትነግረኝ፣ ቃሏ ሳላስበው ከአፌ አመለጠችኝ።

"እማዬ ደግሞ! እኔ የምሸጠው ወጥ ነው፤ ታንኳ ምን አገባኝ?" ብላ ሳቀችብኝ።

እኔ ግን አልሳቅሁም። የቅመሙ ልክ በእሷ ራስ ውስጥ ነው። ቁልፉ በእሷ ወገብ ነው። ሠራተኛው የሚንቀሳቀሰው እሷ ስትናገር ብቻ ነው። አንድ ቀን ብትታመም በሩን ማን እንደሚከፍት እንኳ አልተባለም። ስለዚህ ታሪኩን እናቴ እንደነገረችኝ ልጽፈው ብዬ ተነሣሁ።

አንማው የሚባል ሰው ነበር። የነበረችው አንዲት የደንገል ታንኳ ናት። ደንገል ሐይቁ ዳር የሚበቅል ረጅም ሣር ነው። ሲታሰር ታንኳ ይሆናል፣ ሰውም ጭነትም ይሸከማል፤ ነገር ግን ውሃ ይጠጣል። ከሐይቅ የወጣ ታንኳ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ካልመታው ይከብዳል። ክፋቱ፣ ላዩ ቶሎ ይደርቃል። ቆዳው ነጭ ሆኖ ሆዱ ውሃ ሊሆን ይችላል።

አንማው ይህን ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። ረቡዕና ቅዳሜ ገበያተኛ ወደ ማዶ ያሻግራል። ሲመለስ ታንኳዋን ተሸክሞ ዳር ያለው የሾላ ዛፍ ላይ አስደግፎ ያቆማታል። በማግስቱ ያገላብጣታል። በሦስተኛው ቀን መሬት ላይ አጋድሞ ወገቧን በጉልበቱ ይጫናታል። ጠብ የሚል ውሃ ካለ ተመልሳ ትቆማለች፤ መንገደኛው ቢለምንም ቢሳደብም አይሰማም። በዚህ የተነሣ እናቶች ያለ ስጋት ልጆቻቸውን የሚሰጡት ለእሱ ነበር።

ፈላጊው ሲበዛበት፣ ታንኳ ወደሚሠሩት ወደ አያ ስንሻው ሄደ።

"አያ ስንሻው፣ ሦስት ታንኳ ይሥሩልኝ።"

"ሦስት? የት ልታቆማቸው?"

"ሾላው አለ አይደል?"

"ሾላው የሚችለው አንዷን ነው። ማንስ ያገላብጣቸዋል? ማን በጉልበቱ ይጫናቸዋል?"

"እኔ አለሁ። ቀዛፊም እቀጥራለሁ።"

"አንተ ያለህ ሁለት ጉልበት ነው፤ እሱም ያው የአንድ ሰው ነው" አሉት። "መጀመሪያ ማድረቂያ እንጨት ትከል። የትኛው ታንኳ በማን እጅ እንደሆነ ለይ። ከዚያ አንድ በአንድ እሠራልሃለሁ።"

"አያ ስንሻው፣ የሚሸጡልኝ ታንኳ ነው ወይስ ምክር?"

"ታንኳው በዋጋ፣ ምክሩ በምርቃት" አሉና ሳቁ።

አንማው ታንኳዎቹን ወሰደ፤ ምርቃቱን እዚያው ተወው።

እናቱ ጥሩዬ አራቱን ታንኳዎች ውሃው ዳር ተደርድረው ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "አንዲቷ ስትወጣ አንድ ጊዜ ነበር የምፈራው። አሁን ልቤን ለአራት ከፍለህ ውሃ ላይ አሰማራኸው" አለችው።

"እማ፣ አንቺማ ጠበል ሲረጩሽም ትፈሪያለሽ!" ብሎ ቀለደባት።

የተቀጠሩት ቀዛፊዎች ካሴ፣ ጌትነትና ፈንታ ይባላሉ። ሰነፎች አልነበሩም፤ ይህን እናቴ ሁልጊዜ ደጋግማ ትናገር ነበር። ግን የእኔ የሚሉት ታንኳ አልተሰጣቸውም። ጠዋት ለውሃው የቀረበውን ይዘው ይወጣሉ። ሲመለሱ ሾላው በአንማው አሮጌ ታንኳ ስለተያዘ፣ ያመጡትን ባገኙት ድንጋይ ላይ ጋደም አድርገው ይሄዳሉ። ያገላበጠው ካሴ ነው ሲል ጌትነት ያስባል። ጌትነት ነው ሲል ፈንታ ያስባል። አንማውም ሰው ቀጥሬ ምን ያስጨንቀኛል ብሎ ተወው። ገበያ በሌለበት ቀንም መሻገር ተጀመረ። ሁለት ወር ደህና ሄደ። ደህና መሄዱ ነው እኔን የሚያስፈራኝ።

የአንማው ሚስት ውባለም የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እንደ ወጉ ወደ እናቷ ቤት፣ ወደ ማዶ ሄዳ ነበር። ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና በምትነሣበት ዕለት እናትና ልጅን ወደ ቤታቸው ለማምጣት አራቱም ታንኳዎች ማለዳ ተሻገሩ። ጥሩዬም ውሃ እየፈራች፣ የልጅ ልጇን ለማየት ሄደች። ክርስትናው አለቀ፣ ድግሱ ተበላ። ታንኳዎቹ ያን ሁሉ ሰዓት ውሃ ውስጥ እንደታሰሩ ዋሉ። ወደ ደረቅ ጎትቱ ያለ የለም፤ እያንዳንዱ ሌላው የጎተተ መስሎት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ተነሡ። አንማው የአማቶቹን ስጦታ፣ እህሉንና የማር ገንቦውን፣ በአሮጌዋ ታንኳ ጭኖ ቀደመ። ውባለም ሕፃኗን ታቅፋ ከጥሩዬ ጋር ካሴ በሚቀዝፈው ታንኳ ተቀመጠች። ጌትነትና ፈንታ ዘመድ ይዘው ተከተሉ።

መካከል ሲደርሱ ነፋሱ ተነሣ። ጥሩዬ የነጠላዋ ጫፍ ከበዳት። ዝቅ ብላ በመዳፏ ብትነካው ረጥቧል። መዳፏን የተቀመጠችበት ደንገል ላይ ጫነች። ውሃ በጣቶቿ መሃል ወጣ።

"ካሴ፣ ይህ ታንኳ ውሃ ያስገባል።"

"ታንኳ ሁሌም ያልበዋል፣ እማማ። አይዞዎት።"

ጥቂት እንደቀዘፈ ውሃው ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ደረሰ። ካሴ መቅዘፍ አቆመ። ፊቱ ተለወጠ።

"ጌትነት!" ብሎ ጮኸ። "ይህን ታንኳ አድርቀኸዋል?"

"እኔ? ፈንታ አይደለም እንዴ?"

"እኔማ አንተ መስለኸኝ፣ ካሴ!" አለ ፈንታ ከኋላ።

ውባለም ሕፃኗን ከደረቷ ወደ ትከሻዋ አነሣች። "አንማው! አንማው!" ድምፅዋን ነፋሱ ወሰደው። ሁለተኛ ስትጣራ አንማው ዞረ። ሦስት ታንኳ ከኋላው አየ፤ አንዱ ግን ከውሃው ጋር እኩል ሆኗል። ሚስቱ ውሃ ላይ የተቀመጠች ይመስል ነበር።

እየቀዘፈ ተመለሰ። እህሉን ገፍቶ ሐይቅ ውስጥ ጣለው። የማር ገንቦው ተከተለ። ታንኳውን ከታንኳ አጠጋና እጁን ዘረጋ። ውባለም ግን ሕፃኗን አልለቅ አለች። ማዕበሉ ሁለቱን ታንኳዎች ያቀራርባል፣ ያራርቃል።

"ልጅቷን ስጪው!" አለች ጥሩዬ። "ስጪው አልኩሽ፣ ልጄ! ያቺ ደረቅ ናት!"

ሕፃኗ ከእጅ ወደ እጅ በውሃው ላይ አለፈች። ውባለም ተከተለች። አንማው ወደ እናቱ እጁን ዘረጋ።

"አንድ ሰው ከጨመርክ ያቺም ትሰጥማለች" አለችው። "ሂድ።"

"እማ!"

"ሂድ አልኩህ!"

ሄደ። ወደ ኋላ እያየ ቀዘፈ። ካሴ ውሃ ውስጥ ዘሎ ታንኳውን ከኋላ በመዋኘት ገፋ፤ ጌትነትና ፈንታም በግራና በቀኝ ይዘው ጎተቱ። ጥሩዬ እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ተቀምጣ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ የምታውቀውን ጸሎት ሁሉ እየደጋገመች ዳር ደረሰች።

ያቺ ሕፃን እናቴ ናት።

አንማው ቤቱ አልገባም። በእርጥብ ልብሱ ሦስቱን አዳዲስ ታንኳዎች መሬት ላይ አጋድሞ አንድ በአንድ በጉልበቱ ተጫናቸው። ከሦስቱም ውሃ ወጣ። የትኛው መቼ ደርቆ እንደነበር ቢጠይቅ፣ ቀዛፊዎቹ እርስ በርስ ተጠቋቆሙ። እሱም አያውቅም። ራሱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ።

በማግስቱ ቀዛፊዎቹን ይዞ እንጨት መትከል ጀመረ። ለእያንዳንዱ ታንኳ አንድ ማድረቂያ፣ ለእያንዳንዱ ማድረቂያ አንድ ባለቤት ለየ። ከውሃ የወጣ ታንኳ አፍንጫው ላይ እርጥብ ቄጠማ ይታሰርበታል። ቄጠማውን የሚፈታው ታንኳውን በጉልበቱ የተጫነው ሰው ብቻ ነው። "ቄጠማ ያለበትን ታንኳ እኔ ራሴ አውጡ ብዬ ባዛችሁ እንኳ እምቢ በሉኝ" አላቸው።

ረቡዕ ገበያተኛው ሐይቁ ዳር ተሰበሰበ። ከሾላው ታንኳ በቀር ሦስቱ አፍንጫቸው ላይ ቄጠማ ታስሮባቸው ቆመዋል። አንማው መቆፈሩን አላቆመም።

"ኧረ አንማው!" አለች አንዲት ጌሾ ነጋዴ። "አራት ታንኳ አቁመህ እኛ እዚህ ፀሐይ ላይ እንድረቅ?"

"ሰውዬው አብዷል" አለ ሌላው። "ባለ አራት ሆኖ በአንድ ያሻግራል!"

አንማው ቀና ብሎ እናቱን አየ። ጥሩዬ ሾላው ሥር ሕፃኗን ታቅፋ ተቀምጣለች። ተመልሶ ወደ ጉድጓዱ አቀረቀረ።

በደንገል እስር ላይ ተቀምጠው የነበሩት አያ ስንሻው ግን በምርኩዛቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉና ወደ ገበያተኛው ዞረው፣ "ተዉት ልጆቼ፤ ማድረቂያ የሌለው ታንኳ፣ ቢበዛም የሐይቅ ቀለብ ነው" አሉ።