ወንዙ ዝም ያለ ቀን

«ተረት ተረት።»
«ንገሪን ከሥር ከመሠረት።»

በድሮ ዘመን፣ ልጆቼ፣ ከአንዲት ትልቅ ከተማ ግርጌ ጨፌ የምትባል መንደር ነበረች። ከተማይቱ ከኮረብታው አናት፣ መንደሯ ከታች ከሜዳው። ወንዙ በጎኗ ይወርዳል። አፈሩ ለም ነውና ሰዉ ሁሉ ቤቱን ሜዳው ላይ ሠራ። በዚያች መንደር አጸደ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። ባሏ ሞቷል፤ ያለቻት አንዲት ልጅ ውዴ ናት።

አንድ ቀን አጸደ ከሜዳው መሀል የሸክላ አፈር ስትቆፍር ድቡልቡል ድንጋይ አገኘች። ፈቀቅ ብላ ቆፈረች፤ ያው ነው። ከተዳረችው ልጇ ጓሮ ቆፈረች፤ እዚያም አለ። ውሃ ያንከባለለው፣ ልስልስ ያለ የወንዝ ድንጋይ። ወንዙ ድሮ በዚህ ይሄድ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣች።

በዚያው ዓመት የከተማው ሰዎች ለግንብ የሚሆን ድንጋይ ከወንዙ በላይ ካለው ገደል አፋፍ ይፈነቅሉ ጀመር። ፍርስራሹንም ወደ ወንዙ ይለቁታል። አጸደ ወጥታ አየችና ወደ ጭቃ ሹሙ ወደ ባሻ ድልነሳው ሄደች።

፦ ባሻዬ፣ የወንዙ መንገድ እየጠበበ ነው። የተዘጋ ቀን በእኛ ላይ ይመጣል። ሰዉ ወደ ዳገቱ ይውጣ።

፦ ገብሱ እያሸተ ሰው ቤቱን ጥሎ ይሂድ? አንቺ ጋንሽን ሥሪ።

ነሐሴ ገባና ውዴ ወለደች። አጸደ አማቿን ታረቀኝን ለመነችው።

፦ ወደ ዳገቱ እንውጣ፣ ልጄ።

፦ አራስ በዝናብ? ብርድ ይመታታል እኮ፣ እማማ።

ዝናቡ ሦስት ቀን ሳያባራ ዘነበ። በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ አጸደ ከደጇ ተቀምጣ ሳለ ጆሮዋ ጭር አለባት። ዝናቡ ይዘንባል። ወንዙ ግን አይሰማም። ባሻ ዘንድ ሮጠች።

፦ ባሻዬ፣ ይውጡና ያድምጡ።

፦ ምኑን?

፦ ወንዙን።

ባሻ ከዝናቡ ቆሞ አደመጠ። ፊቱ አመድ መሰለ። ጡሩምባውን አነሣና ነፋ።

ሰዉ ልጁንም ከብቱንም ይዞ ዳገቱን ያዘ። ታረቀኝ ግን ከደጁ ቆሞ፦ ትንሽ ያባራ፣ አለ። አጸደ አልተከራከረችውም። ገባችና ሕፃኑን ከእናቱ እቅፍ ወስዳ፣ በጋቢ ጠቅልላ ወጣች። ውዴ ልጇን ተከተለች። ታረቀኝም ሚስቱን ተከተለ።

ዳገቱን ሳያጋምሱ ምድር ጮኸ። ከላይ ታግዶ የቆየው ውሃ ፍርስራሹን ጥሶ ድንጋይና ግንድ እየገፋ መጣና በመንደሯ መሀል ሄደ። ቤቱም ገብሱም የለም። ከዚያም ሰዉ ሁሉ ተቆጠረ። ባሻ ድልነሳው ብቻ ጎደለ። የመጨረሻውን ቤት ሲያንኳኳ ያዩት ነበሩ።

አጸደ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም።

ከዚያም ጨፌዎች ዳገቱን ይዘው ቤታቸውን እንደ መቀነት አስረዝመው ሠሩ። ዘመን አለፈና ከተማይቱ ሰፍታ እነሱ ዘንድ ደረሰች። ቤት ሠሪዎችም ሜዳውን አይተው፦ ይህን የመሰለ ለጥ ያለ መሬት ባዶውን? የማን ነው? ብለው ጠየቁ።

ጨፌዎችም፦ የባሻ ነው፣ አሉ።

እኔ አፌን ከፍቼ ይኸው ጨረስኩ። እናንተ ደግሞ በቁራሽ ዳቦ ዝጉልኝ።